የእትዬ ይታይሽ ምላስ እና ባለ ሽቦው መለኪያ

(ቢሾፍቱ፣ የዘርፌ ጓዳ። ለልጇ ለቤዛ ሰርግ ከጓሮዋ ወይን የጣለችው ጠጅ በሦስት ዳሚጃን፣ በትልልቅ ጠርሙሶች፣ ተቀምጧል፤ ከሱቅ ለሙከራ ያመጣቻቸው ሁለት የፒኤች መለኪያዎች፣ አንዷ ትንሽ አንዱ ባለ ሽቦ፣ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ከባሏ ታላቅ እህት ከእትዬ ይታይሽ ጋር ተፋጠዋል።)

እትዬ ይታይሽ፦ ሁለቱንም መልሺ አልኩሽ። ወይን ጠጅ የሚታወቀው በምላስ ነው።

ዘርፌ፦ አንዱን እመልሳለሁ እትዬ። የትኛውን እንደሆነ ነው ያልቆረጥኩት።

እትዬ ይታይሽ፦ ምን ሊነግርሽ ነው ደግሞ ይሄ?

ዘርፌ፦ የአሲዱን ልክ። ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል፤ ከሦስት ተኩል ብዙ ካለፈ ጠጁ ቶሎ ይበላሻል። ምላስማ ቁርስ የበላችውን ይዛ ነው የምትፈርደው።

እትዬ ይታይሽ፦ ሠላሳ ዓመት አገር ያመነውን ምላሴን ሰደብሽው?

ዘርፌ፦ የእኔንም ጨምሬ ነው።

እትዬ ይታይሽ፦ መግዛትሽ ካልቀረ ይቺን እስክሪብቶ የምታክለውን ያዢ። ኪስ ትገባለች፣ ጣጣ የላትም።

ዘርፌ፦ ቅድም አንዱን ብርጭቆ ሁለቴ ብለካባት ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጠችኝ። ባለ ሽቦው ግን ቃሉን አይለውጥም። ጫፉ ቢያረጅ እንኳ ጫፉ ብቻ ይቀየራል።

እትዬ ይታይሽ፦ በዚህ ፈሳሽ አስተካክለው፣ በዚያኛው አጥበው፣ ጫፉ እንዳይደርቅ ጠብቀው። አራስ ነው እንዴ?

ዘርፌ፦ እንደ አራስ እጠብቀዋለሁ።

እትዬ ይታይሽ፦ ስሚኝ ዘርፌ። ያንቺ ችግር መለኪያ አይደለም። አምና የማኅበሩ ተራ ደርሶሽ ጠጅሽ ገምቶ ያፈርነው በእጅሽ ነው። አንዳንዱ ሰው እጁ ለመጠጥ አይሆንም፣ ምን ይደረግ። ዳሚጃኖቹ ነገ ወደ እኔ ቤት ይሄዳሉ፤ ጌታነህም ተስማምቷል።

ዘርፌ፦ ባሌ የተስማማው እርስዎን ስለሚፈራ ነው። የልጄ የሰርግ ጠጅ ከዚህ ጓዳ አይወጣም።

እትዬ ይታይሽ፦ ይሄን ድፍረት ማን ሰጠሽ?

ዘርፌ፦ ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ። በየለቅሶው፣ በየሰርጉ "እጇ አይሆንም" ስባል ከረምኩ። ጠላ ስጠምቅ እንኳ ጎረቤት እጄን ያይ ጀመር። በቃኝ እትዬ።

እትዬ ይታይሽ፦ ታዲያ ያ የገማ ጠጅ የማን ነበር?

ዘርፌ፦ የእኔ። አንድ ጠርሙስ ደብቄ አስቀምጬ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት በባለ ሽቦው ለካሁት።

እትዬ ይታይሽ፦ የሞተ ጠጅ ምኑ ይለካል?

ዘርፌ፦ አራት ነጥብ ስድስት አለ። ሦስቴ ለካሁት፣ ሦስቴም ያው። የዚያው የወይን ሐረግ የዘንድሮው ጠጅ ሦስት ነጥብ አራት ነው። የሱቁን ሰውዬ ደውዬ ብጠይቀው "ወይን በራሱ እዚህ አይደርስም፣ የተጨመረበት ነገር አለ" አለኝ።

እትዬ ይታይሽ፦ ምን ይጨመርበታል?

ዘርፌ፦ ሶዳ። ዳቦ ውስጥ የሚገባው፣ አሲድ የሚገድለው። እኔ ቤት ሶዳ ገብቶ አያውቅም፤ እዚህ ጓዳ የምንገባው ደግሞ ሁለታችን ብቻ ነን።

እትዬ ይታይሽ፦ ቀምሼው ኮመጠጠኝ። ይሄ ለእንግዳ እንዴት ይቀርባል ብዬ፣ እስኪለዝብልኝ ድረስ ጨመርኩበት። የቲማቲም ስልስ ሲኮመጥጠኝ የማበርደው በእሱ ነው። ለክፋት አይደለም።

ዘርፌ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሲገማ ግን ዝም አሉ።

እትዬ ይታይሽ፦ ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት "የይታይሽ ምላስ" ሲባል ኖሮ፣ በስተርጅና ምን ልበል?

ዘርፌ፦ የእርስዎን ምላስ ለማዳን የእኔን እጅ ለሐሜት ሰጡ።

እትዬ ይታይሽ፦ በይ ባለ ሽቦውን ግዢ። ዳሚጃኖቹም እዚሁ ይሁኑ፣ አልነካቸውም። ብቻ ለጌታነህ አትንገሪው።

ዘርፌ፦ እኔ ለማንም አልናገርም።

እትዬ ይታይሽ፦ እግዜር ይስጥሽ።

ዘርፌ፦ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። እሁድ ማኅበርተኛው ሁሉ እርስዎ ቤት ነው፤ "ሶዳውን የጨመርኩት እኔ ነኝ" ብለው ካልነገሯቸው፣ የቤዛን ጠጅ በዚያ ምላስዎ አይቀምሱትም።