ታፔላው ላይ የሚጻፈው ቃል

ከከተማው ዳር፣ ባለፈው ክረምት የብዙ ሰው ዐፅም በወጣበት ሜዳ፣ ሽማግሌው ታፔላ ጸሐፊ ባዬ መሰላል ላይ ሆኖ ይጽፋል፤ ወንድሟ በቀይ ሽብር የተገደለባት ዘርፌ ከሥር ቆማለች።

ዘርፌ፦ ውረድ ብዬሃለሁ ጋሽ ባዬ! «መታሰቢያ ሥፍራ» ብለህ አትጽፍም።

ባዬ፦ ጀመርኩት እኮ። ኮሚቴው የሰጠኝ ወረቀት ይኸው፣ ማኅተም አለበት።

ዘርፌ፦ የምን መታሰቢያ? እንግዳ ሰው ጠበል የፈለቀበት ሊመስለው ነው።

ባዬ፦ እሺ፣ «የጅምላ መቃብር» ልበለው?

ዘርፌ፦ ጅምላ ለስኳር ነው! መቃብርም ተፈትቶለት፣ ተለቅሶለት የሚገባበት ነው። እነዚህ የፊጥኝ እንደታሰሩ ነው የወጡት። «መረሸኛ» በል። አገሩ ሁሉ በሹክሹክታ የሚለው እሱን ነው።

ባዬ፦ በሹክሹክታ የሚባለውን እኔ በቀለም ልጽፍልሽ? ተይኝ እባክሽ፣ ጎመን በጤና!

ዘርፌ፦ ከዚህ የባሰም ጽፈሃል። ና፣ ይህን እይ።

ባዬ፦ ይኸው ወረድኩ… ምንድን ነው? ካርቶን?

ዘርፌ፦ አንብበው።

ባዬ፦ «ፀረ-ሕዝብ ነበር»…

ዘርፌ፦ ከወንድሜ ከአምደመስቀል ደረት ላይ የፈታሁት ነው። ሬሳውን ሲነሱን ይህን ደብቄ አስቀረሁ። የ«ረ»ዋን እግር ተመልከት፣ እንደ ማጭድ የታጠፈች። ከዳቦ ቤቱ ታፔላ እስከ ፀጉር አስተካካዩ፣ እንዲህ የሚያጥፋት አንድ እጅ ብቻ ነው።

ባዬ፦ …ሃያ ዓመቴ ነበር። ካርቶን ሰጥተው ጻፍ አሉኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ዘርፌ፦ አታውቅም?

ባዬ፦ የመጀመሪያውን ቀን አላውቅም ነበር።

ዘርፌ፦ የወጋ ቢረሳ…

ባዬ፦ አልረሳሁም! አንድ ቀን አልረሳሁም ዘርፌ። ፈራሁ። ይኸው አሁንም እፈራለሁ።

ዘርፌ፦ እናቴ አታልቅሺ ተብላ፣ እርሟን ሳታወጣ ሞተች። እኔ እንኳ የሆነውን የሚናገር ቃል ሥር ቆሜ ላልቅስ።

ባዬ፦ ምን ነካህ ብለው ቢጠይቁኝስ?

ዘርፌ፦ ታዝዤ ነው በላቸው። ለምደኸው የለ!

ባዬ፦ ማን አዘዘህ ሲሉኝስ?

ዘርፌ፦ አምደመስቀል።

ባዬ፦ …በይ መሰላሉን ያዢልኝ። መጀመሪያ የጻፍኩትን ላጥፋ።