ቀይ ላይ የወጣው መርፌ

ሾፌራችን ኡስማን ሊባረር ነው ሲሉኝ ነገሩ አልጣመኝም። የጋራዡ ሹም፣ «ጫቱን እየቃመ ራዲያተሩን ውሃ መሙላት ረስቶ፣ ከቢዮ አዋሌ ድሬዳዋ እስኪገባ ሞተሩን አቃጠለው» ብሎ ለአለቃችን ለጌቶች ተናግሯል። ማስረጃው የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀይ ላይ መውጣቱ ብቻ ነው። ሹሙን ደግሞ አውቀዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ተመርቄ የጠበቅኩትን ወንበር የአንድ ደጃዝማች አማች ስለሆነ ብቻ የወሰደብኝ ሰው ነው። የወንድሙ ልጅም መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሥራ እየፈለገ ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ኡስማንና የጋራዡ ሠራተኞች እያዩ፣ ሹሙን መኪናው ጋ ወሰድኩት። «ሞተሩን ይዳስሱት» አልኩት። ሌሊቱን ቆሞ ስላደረ ቀዝቅዟል። ሳላስነሳው ቁልፉን ብቻ ባዞር መርፌው ዘልሎ ቀይ ላይ ወጣ።

«የድሬዳዋ ሙቀት ነዋ!» አለ ሹሙ።

«ታዲያ እርስዎን ምነው ሳያልብዎት ቀረ?» ብዬ ሞተሩ ላይ ከተገጠመችው ሙቀት ጠቋሚ ዕቃ ሽቦዋን ነቀልኩ። መርፌው ወዲያው ወደቀ። የተበላሸችው አውራ ጣት የማታህለው ያቺ ዕቃ እንጂ ሞተሩ አልነበረም። ሠራተኞቹ ሳቁ። ሹሙ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ ለኡስማን ወረወረለትና ቢሮው ገባ።

ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ ኡስማን ዐይን ዐይኔን አየኝ።

«ኢንጂነር፣ በአላህ እውነቱን ንገረኝ። ይህን ያደረግከው ለእኔ ብለህ ነው ወይስ እሱን ለማዋረድ?»

«መኪናህን አስነሳና ሂድ» አልኩት።