የዘንዶዎቹ ግምገማ

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ዘንዶ፣ ንጉሥ፣ ጠንቋይና ገበሬ የተሳለባቸውን የጨዋታ ካርታዎች ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። አጠገባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ።

«ዛሬ በቆጂ ላይ ከተሸነፍኩ ከውድድሩ ወጣሁ» አለ ባለካርታው።

«ትሸነፋለህ» አለ ጓደኛው። «ይሄን ሁሉ ዘንዶ ሰብስበህ፣ የሚቀልባቸው ገበሬ ሁለት ብቻ ነው።»

«የሚገድለው እኮ ዘንዶው ነው።»

«ካልበላ አይነሳም። ባለፈው እጅህ ላይ እንደተኙ አይደል የተሸነፍከው?»

«እሺ፣ ገበሬ ልጨምር። ግን የካርታው ቁጥር ሞልቷል፤ አንዱ መውጣት አለበት።»

«እንግዲያው ግምገማ እንቀመጥ። ይሄ ባለሁለት ራሱ ዘንዶ እስካሁን ምን ሠራ?»

«እሱ አይነካም። ሲያብረቀርቅ አታይም?»

«ንጉሡስ?»

«ንጉሥ እንዴት ይወርዳል?»

«ጠንቋዩ?»

«ንጉሡን ማን ያማክረው?»

ሽማግሌው ዞር አሉ። «ልጆቼ፣ እነዚህ ሁሉ ምን ይበላሉ?»

«ገበሬው የሚያመጣውን፣ አባባ።»

«ታዲያ ገበሬ ጨምሩላቸዋ።»

«ቦታ የለም እኮ፣ አባባ።»

ባለካርታው ሳጉሬን እስክናልፍ ካርታዎቹን ሲያገላብጥ ቆየና አንዱን መዝዞ ኪሱ ከተተ።

«ማንን አወጣህ?» አለው ጓደኛው።

«አንዱን ገበሬ። በቦታው ሌላ ዘንዶ አስገባሁ።»

«እኔም መሥሪያ ቤት ሳለሁ ግምገማ ብዙ ተቀምጫለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ወላሂ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያልቀው።»

እኔም የቤቴን ገበሬ የሚያወጣ ግምገማ ስለሌለ በልቤ ተመስገን ብዬ፣ እርሻ ላይ ለዋለው ባለቤቴ የገዛሁትን ዳቦ ከጎኔ አንስቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።