ምስክር የሚሻ ጉዞ

ልጆቼ፣ የእኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለም። የማጫውታችሁም ከመጽሐፍ ያገኘሁትን አይደለም። በ፲፱፻፺፰ ዓ.ም. ግድም፣ እዚሁ ካምፓላ፣ ንቲንዳ ላይ ዝናብ ድንገት ጥሎብኝ ከአንድ ሱፐርማርኬት በረንዳ ሥር ስጠለል የሰማሁትን ነው።

እዚያ አቶ መርዕድን ከነልጃቸው አገኘኋቸው። አቶ መርዕድ የማኪንድዬ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ ሚስታቸውን አዲስ አበባ ቀብረው ሁለት ልጆች ይዘው የተሰደዱ ሰው። ልጃቸው አርሴማ እዚሁ ከተማ በጤና ትምህርት ዲግሪዋን ይዛ፣ ኪቡሊ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። የሁለቱም ፊት ከሰማዩ ይልቅ የጠቆረ ነበር።

“ምነው፣ ሰላም አይደላችሁም እንዴ?” አልኩ።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሽ ሳህሉ። እንዲያው ዝናቡ ነው” አሉ አቶ መርዕድ።

“ዝናቡ አይደለም” አለች አርሴማ። “ውጭ አገር ለማስተርስ ስኮላርሺፕ ላመለክት ነው። ትምህርቱንም፣ ትኬቱንም፣ ቤቱንም፣ ቀለቡንም እነሱ ይችላሉ። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል፤ አባባ ግን...”

“ቀስ በይ!” ብለው አባቷ ዙሪያቸውን ቃኙ። አጠገባችን የነበረው እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ እየጠቀለለ ሮሌክስ የሚባል ምግብ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ብቻ ነው።

“አባባ፣ እሱ እኮ አማርኛ አይሰማም።”

“በምን አወቅሽ? የሐበሻ ደንበኛ ሞልቶታል።”

ሳቄ መጣ፤ ዓይናቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት። የእውነት ፈርተው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አመልካቿን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ስለ ሥራዋና ስለ ጠባይዋ ጽፈው መላክ አለባቸው። አርሴማ ያስተማሯትን ፕሮፌሰርና የክሊኒኩን ኃላፊ ልትለምን ፈልጋለች። አባቷ ደግሞ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ከልክለዋታል።

“ማመልከቷን አልከለከልኩም፣ ጋሽ ሳህሉ” አሉኝ። “መንገድ የሚወጣ ሰው ግን አፉን ይዘጋል። ለፕሮፌሰሩ ከነገረች ለሚስቱ ይነግራል፤ ሚስቱ ለጎረቤት ትነግራለች...”

“የፕሮፌሰሩ ሚስት የማኪንድዬን ሐበሻ በምን ያውቁታል፣ አባባ?”

“ወሬ እግር የለውም፤ ግን ቦዳ ሞተር ይሳፈራል!”

“ያለ ምስክር የተላከ ማመልከቻ እኮ አያዩትም። እኔ ስለ ራሴ ብጽፍ ማን ያምነኛል?”

“ብትወድቂስ? የሰፈር መሳቂያ ትሆኛለሽ።”

“ይሳቁ። እነሱ ስቀው ይተኛሉ፤ እኔ ለከርሞ እዘጋጃለሁ።”

እኔም ጣልቃ ገባሁ። “አቶ መርዕድ፣ እርስዎ ትዳር ሲይዙ ራስዎ ሄደው ‘እኔ ጨዋ ሰው ነኝ፣ ልጅዎን ይስጡኝ’ አሉ?”

“ኧረ በሽማግሌ ነው! ምን ቆርጦኝ!”

“ሽማግሌዎቹስ እርስዎ ሳይነግሯቸው ሄዱ?”

“እንዴት ተብሎ?”

“ይኸም ያው ነው። ልጅዎ ሽማግሌ ልላክ ነው ያለችው። ሽማግሌ ደግሞ ምን ሊል እንደተላከ ሳይነገረው ከሰው ደጅ አይቆምም።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “እሱ ሌላ ነው። ዳግማዊን ያውቁታል። እንደዚሁ ዕድል መጥቶለት ደጃፉ ላይ ሲደርስ የሰው ዓይን በላብኝ። እኔ የቀረችኝ እሷ ናት።”

ዳግማዊ የበኩር ልጃቸው ነው። እንዴት ያለ ብሩህ ልጅ ነበር! ያ ዕድል ካመለጠው ወዲህ ጁባ ወርዶ የጭነት መኪና ያራግፋል አሉ። ለአባቱም ለእህቱም አይደውልም።

“ማመልከቱን ማን ያውቅ ነበር?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ማንም! ለእኔም አልነገረኝ። ጉዳይህን ዝም ብለህ ጨርስ ብዬ ነዋ ያሳደግሁት።”

“አርሴማስ?”

“እኔም የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው” አለች።

“ታዲያ ማንም ካላወቀ፣ አቶ መርዕድ፣ የበላው የማን ዓይን ነው?”

አርሴማ በቀስታ ነገሩን አነሳችው። “ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር። ለቃለ መጠይቅ በስልክ ደወሉለት። ሲሻለው መልሶ ቢደውል፣ ጊዜው አልፏል አሉት።”

“ልጄ ይተኛ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት” አሉ አባቷ። “ቢነግረኝ ኖሮ ጆሮው ላይ ይዤለት እቆም ነበር።”

ልጆቼ፣ ሐዘን ምክንያት ሲያጣ ጎረቤትን ይወነጅላል። አቶ መርዕድም ያለ ጥፋቱ ስንቱን ሰው በልባቸው ሲከሱ ኖረዋል! እኔንም ሳይጨምሩኝ አልቀሩም። ነገር ግን በማያውቁት ነገር አልፈረድኩባቸውም። እኔም ብሆን ያደግሁት በዚያው ልማድ ነው።

ወደ ልጃቸው ዞረው “ፕሮፌሰሩ የት ነው የሚገኙት?” አሉ።

በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው ከልጃቸው ጋር ሄዱ። ፕሮፌሰሩ ደስ ብሏቸው ጻፉላት፤ “ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ?” ብለው ግን ተቆጧት። የክሊኒኩ ኃላፊም ጽፈው ብቻ አልተዉም፤ ከሥራ በኋላ እያስቀመጡ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ አለማመዷት።

ያን ዓመት አልሆነም። አቶ መርዕድ ራሳቸው ደጄ መጥተው “ወደቀች” አሉኝ። መሳቂያ ትሆናለች ያሏት ልጅ ላይ የሳቀ አልነበረም። ይልቁንም ወይዘሮ ጀሊላ የምትባል ጎረቤታችን ሳምቡሳ ይዛ ልታጽናናት መጣች። ፕሮፌሰሩም አልረሷትም፤ ስለ ሌላ ስኮላርሺፕ ነገሯት፣ ደግመውም መሰከሩላት። በተከታዩ ዓመት ሄደች።

እንግዲህ ጥቅሙን እዩት። የተነገረ ጉዳይ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው አለው፤ የተደበቀ ጉዳይ ሲወድቅ ባለቤቱን ይዞ ይወድቃል። እናንተም ስታመለክቱ ጊዜው ሳይጣበብ የሚመሰክሩላችሁን ለምኑ፤ ለቤተሰቦቻችሁም ንገሩ፤ ብትታመሙ እንኳ ስልኩን የሚያነሳላችሁ ይኑር። የሰው ዓይን ሁሉ የሚበላ አይደለም፤ የሚጠብቅም አለ።

ዳግማዊ እስከ ዛሬ ከጁባ አልተመለሰም። አቶ መርዕድም ብቻቸውን ናቸው። ድሮ ቢሆን “ደህና ነኝ” ብለው በራቸውን ይዘጉ ነበር። አሁን ግን “ቤቱ ጭር ብሎብኛል፣ እራትም ብቻዬን ስበላ አልወርድልህ አለኝ” ይሉኛል። ስለዚህ ማታ ማታ ሳህኔን ይዤ እሄዳለሁ።