የቁልፍ ሠሪው ካሴት

ሽማግሌው ቁልፍ ሠሪ አሮጌውን የቪዲዮ ዴክ በአንሶላ ጠቅልለው ደረጃውን ሲወርዱ፣ ኮምፒውተር የምታስተምረው የጎረቤታቸው ልጅ ስትወጣ መታጠፊያው ላይ ተገጣጠሙ።

«ጋሼ፣ ደግሞ ምንድን ነው እንደ ሕፃን ያቀፉት?»

«ዴኩን ነዋ። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝ፤ ጠጋኙ ዘንድ ልወስደው ነው።»

«ጠጋኙማ ያንን ሥራ ትቶ ጫማ መሸጥ ከጀመረ ቆየ።»

ቁልፍ ሠሪው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ቤታቸው አንዲት ካሴት አለች። የልጃቸው ሠርግ የተቀረጸባት ናት፤ እሳቸው ግን ለሠርጉ ብለው አያዩዋትም። መሃሉ ላይ ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሙሽራዋን ቀሚስ ሲያስተካክሉ ቆይተው ዞር ይሉና «አንተ ሰውዬ፣ ክራባትህ ተጣሟል!» ብለው ይስቃሉ። ከድምፃቸው የቀረው ይኸው ብቻ ነው።

«ታዲያ ካሴቱን ለምን ወደ ኮምፒውተር አናዛውረውም?» አለች ልጅቱ። «የዴኩን ውስጥ አጸዳለሁ። ከዚያ በገመድና በአንዲት ትንሽ መቀየሪያ ከኮምፒውተሬ ጋር እናገናኘዋለን፤ ካሴቱ ሲጫወት ኮምፒውተሩ ይቀዳል።»

«አይሆንም! ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ስቀርጽ ነው የኖርኩት። ከዋናው የወጣ ቁልፍ ትንሽ ይጎድለዋል። ከቅጂው የወጣው የባሰ ይጎድለዋል። ከዚያ የወጣው ጭራሽ በር አይከፍትም። ሳቋን እንደዚያ ልታደርጊብኝ ነው?»

ልጅቱ አልሳቀችም፤ ነገሩ ከሥራ የተገኘ ዕውቀት ነበርና።

«ከካሴት ወደ ካሴት ቢሆን እውነትዎን ነበር። ኮምፒውተር ግን ምስሉንም ድምፁንም ቁጥር አድርጎ ነው የሚይዘው። ቁጥር ሲገለበጥ አይሸረፍም፤ የቅጂው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም። የሚሸረፈው ካሴቱ ነው። ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ ይሻግታል።»

«እኔ እኮ አልፎ አልፎ ነው የማያት።»

«ጋሼ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ የሚመጣ ደንበኛን ምን ይሉታል?»

ቁልፍ ሠሪው የሚሉትን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፦ ትርፍ ሳታስቀርጽ ከዚህ ንቅንቅ አትልም!

«አንቺ ልጅ፣ በገዛ ሞረዴ ሞረድሽኝ እኮ!» ብለው ዴኩን አቅፈው ደረጃውን መልሰው ወጡ።

ዴኩ ከጸዳ በኋላ ገመዶቹን እኔ እሰካለሁ አሉ። ቢጫውን ለምስል፣ ቀዩንና ነጩን ለድምፅ ሰኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ጨለማ ብቻ ታየ።

«ጠፋች!»

«አልጠፋችም፤ ማስገቢያው ላይ ሰክተውት ነው። ምስሉ የሚወጣው በዚህ በኩል ነው።»

«እኔ የለመድኩት መግቢያ መክፈት ነዋ!»

ገመዱ ሲዛወር ምስሉ ተርገፍግፎ ረጋ። ባለቤታቸው ዞር አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ክራባትህ ተጣሟል!»

ቁልፍ ሠሪው የለበሱት ሹራብ ነበር፤ እጃቸው ግን ወደ አንገታቸው ሄደ።

አንዱ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ፣ አንዱ በፍላሽ ተይዞ መሳቢያ ገባ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ለምትኖረው ለያኔዋ ሙሽራ ለልጃቸው ተላከ። ሴት አያታቸውን ያላዩ የልጅ ልጆች ድምፃቸውን ሰሙ። ሽማግሌውም ካሴቱ ያልቅብኛል ብለው ሳይሳቀቁ ባሰኛቸው ሰዓት ባለቤታቸውን ያዩዋቸዋል።

ዛሬ ትርፍ ቁልፍ ተቀብሎ ሊሄድ የሚነሣውን ደንበኛ ቁልፍ ሠሪው ቆይ ይሉታል።

«ቤትህ የቆየ ካሴት አለ? እሱስ ትርፍ አለው?»