ለያረጋል የተላከው ፎቶ

እትዬ እናኑ! እንዴት ዋሉ? ይግቡ፣ እዚህ አጠገባችን ይቀመጡ። ሚኒባሱ ሦስት ሰው ብቻ ነው የቀረው። ጡረታው እንዴት ተስማማዎት፣ ፊትዎ ወዛ ብሏል! ዘንቢሉ በርበሬ ነው? ፍኖተ ሰላም ያለችው ልጅዎ የቡሬን በርበሬ ስታይ ደስ ሊላት ነው።

ይኸን አጠገቤ ያለውን ያረጋልን አያውቁትም። እርስዎ ከትምህርት ቤታችን ከወጡ በኋላ ነው የተመደበው፣ ስድስት ዓመቱ። ማየት የተሳነው ነው፤ ሰባተኛና ስምንተኛን አማርኛ ያስተምራል።

ቀስ ብዬ ላውራ... ጋቢና የተቀመጡት ሰውዬ እንዳይረበሹ። ግራጫ ኮታቸው ሲያምር! የኛም ደጋፊ እንዲህ ያለ ኮት ይወዳሉ።

ደጋፊያችንን አልነገርሁዎትም? ውይ! ትምህርት ቢሮ ተቀምጠው ለኛ የሚጨነቁ ሰው ናቸው። በየትምህርት ቤቱ ከሌላው ተለይቶ ብቻውን የሆነውን መምህር እደግፋለሁ፣ አገናኛለሁ ብለው ማኅበር አቋቋሙልን። እንደ ያረጋል ላለው፣ ገጠር ብቻዋን ለተመደበች ሴት፣ እንደኔ ለትምህርት ቤቱ ብቸኛ ሙስሊም። ስብሰባውንም አርብ ሰባት ሰዓት አደረጉልን... ጁምዓ ሄጄ እንዳልደክም አስበው ይሆናል።

አዳራሹ ውስጥ ያረጋልን እጁን ይዘው መድረክ አወጡት። በዱላው ብቻውን ወንዝ የሚሻገረውን ሰው፣ ሦስት ደረጃ እንዳያደናቅፈው! ፎቶው እስኪነሳ ድረስ እጁን አልለቀቁም። ከዚያ እሳቸው ወረዱ፣ እሱ እዚያው ቀረ። "ሳቢሃ፣ ሰው አለ?" ሲል እኔ ነኝ ያወረድሁት። አትሳቅ አንተ!

እና አገናኙን። ቴሌግራም ቡድን ከፈቱልን... እሳቸው ብቻ የሚጽፉበት። ምን ያድርጉ? ሁላችን ብናወራ ማን ያዳምጣል?

የያረጋል ስልክ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ደብዳቤ ፎቶ ተነስቶ ሲመጣ ግን "ፎቶ" ይልና ዝም። እሳቸው ደግሞ ሁሉን በፎቶ ነው የሚልኩት፤ ማኅተሙ እንዲታይ። ማን እንዲያየው? እኔ እንጃ።

ባለፈው ሳምንት "ፎቶ" አለው። የእሳቸው የልደት ኬክ መስሎት አለፈው። የኔ ስልክ ጥገና ላይ ነበር። ሰኞ ክፍሉ ሲገባ ሌላ አስተማሪ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል! ለካ የምደባ ደብዳቤ ኖሯል፤ ያረጋል ማስተማር ትቶ ቤተ መጻሕፍት ይሥራ፣ ይረፍ ይላል። ማየት ለተሳነው ሰው መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ... ይህን ያህል ማን አስቦለት ያውቃል?

ፈተና ማረም ይከብደዋል ብለው እኮ ነው። እኔ ከትምህርት በኋላ የተማሪዎቹን ወረቀት አነብለታለሁ፣ እሱ ያርማል። እሱ ደግሞ ሒሳብ የከበዳቸውን ተማሪዎቼን በቃል ያለማምድልኛል። ግን ይኸ መገናኘት ይባላል? ባነር የለው፣ ካሜራ የለው።

የቅሬታ ቀኑ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ካለፈ ያረጋል ከተማሪዎቹ ተለየ ማለት ነው። ማመልከቻው ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ። ተቀብለው የሚፈርሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ፍኖተ ሰላም ቢሯቸው ድረስ ሄደን "መስክ ወጥተዋል" ተባልን። መምህር ሊደግፉ ነዋ! ሌላ የት ይሄዳሉ?

እንዴ... ጋቢና ያሉት ሰውዬ በር ከፍተው ሊወርዱ ነው? መኪናው እኮ ሞላ! ይቀመጡ ጌታዬ፣ መንገዳችን አንድ ነው። ለፊርማው እስክሪብቶም አለኝ።

ደግ ሰው ናቸው፣ እትዬ እናኑ። ልመርቃቸው፣ እርስዎ ጮክ ብለው አሜን ይበሉ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ወንበራቸውን ያጽናላቸው። እርጅና መጥቶ ዓይናቸው በደከመ ቀንም... ልክ እንደ እሳቸው የሚያስብ ደጋፊ አያሳጣቸው።