በመጋዘኑ በር የተጀመረ ዱአ

በድርቁ ማግስት ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በጭነት መኪና ስንሄድ፣ አንድ አዛውንት የእርዳታ እህል መጋዘን ኃላፊ ሳሉ የሆነውን አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት ያወጋሉ።

«ሕዝቡ በሩን ሊሰብር ደረሰ። ከበላይ የተላከልኝን ንግግር ባነብ ማን ይስማኝ!»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ መሬት ቁጭ አልኩና ዱአ ጀመርኩ።»

«ማተብ እያለብዎ?»

«ቢኖርስ! በእኛ አገር ዱአ እየተደረገ ማን ይጋፋል? እስላሙም ክርስቲያኑም ቁጭ ብሎ እጁን ዘረጋ። እዚያው በተቀመጡበት አደልናቸው።»

«መጨረሻ የተቀመጡትስ?»

«አልደረሳቸውም። የምላቸው ቢጠፋኝ ዱአውን አስረዘምኩት።»

ሴትዮዋ ወደ አዛውንቱ ዞረች።

«እኔ መጨረሻ ነበርኩ» አለች። «አሚን ስል ዋልኩ። ልጄን ግን ማንም አልረገጠብኝም፤ አላህ ይስጥዎ።»

ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ የእኔም መዳፎች ጉልበቴ ላይ ተዘርግተዋል።